«ውሃ የጠጣ ሰው መነሳት አለበት» ፦ ስለ ወላጆቻችንና ራስን ስለ መቻል
(ከአትላንታ በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበ ሐተታ በጽሑፍ የተገለበጠ)

በዚህ ሰዓት ከእኔ የለመዳችሁት የአገራችንን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ መታጠቢያ ቤትና ስለ መጸዳጃ ቤት ልናገር ነው። አትሳቁብኝ። ይህ ጉዳይ ወላጅ ያለውን ሁሉ፣ ነገ ደግሞ ራሳችንን ይመለከታል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ አትላንታ የመጣችው የልጅ ልጆቿን ለማየት ነበር። ጉልበቷን ያማት የነበረው ከዚያው ጀምሮ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከንፈሯ ይደርቅ፣ ራሷን ያዞራት ጀመር። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሰውነቷ ፈሳሽ አንሶታል፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ ተባልን። እኛም ታዘዝን። በየሰዓቱ በብርጭቆ እየቀዳን አጠገቧ እናስቀምጣለን፤ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ «ጎሽ፣ ጠጣችልን» ብለን ደስ ይለናል። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ መጥታ «አባቢ፣ አያቴ ውሃውን ለአበባው ታጠጣዋለች» አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ ምነው?» አልኳት። ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃ የጠጣ ሰው መነሳት አለበት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የቤታችን መጸዳጃ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ጊዜ ከተቀመጠችበት መነሳት አቅቷት ባለቤቴን ጠርታለች። ባለቤቴ ሥራ ስትሄድ ቤት የምቀረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወንድ ልጇ ነኝ። እናቴ ወንድ ልጇን ከዚያ ቦታ «ና አንሳኝ» ብላ ከምትጠራ መጠማትን መረጠች።

ይህ ችግር በመድኃኒት አልተፈታም። የተፈታው መጸዳጃው ላይ በሚገጠም ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ባለው ነው። ዋጋው መቶ ዶላር አይሞላም። ለመግጠም ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። እናቴ ስትጠማ የከረመችው ለዚህ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ይህንን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ወላጆቻችንን እንወዳለን፤ እንጦራለን። መጦር ማለት ግን ሁሉንም ነገር እኛ ማድረግ ይመስለናል። «አይነሱ እማማ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ። ይተዉት አባባ፣ እኔ አለብስዎታለሁ።» እናጎርሳቸዋለን፣ እናጥባቸዋለን፣ ጫማቸውን እናስራለን። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን እስቲ ስለ ጉርሻ አስቡ። ጉርሻ የሚጣፍጠው ለምንድን ነው? የተቀበለው ሰው ራሱ መብላት ስለሚችል ነው። መብላት እየቻለ ስለ ፍቅር አፉን ይከፍታል። ምግቡ ሁሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ግን ያ ጉርሻ መሆኑ ይቀርና ጥገኝነት ይሆናል። ወላጅን መርዳትም እንደዚሁ ነው። የሚችሉትን ትተንላቸው የማይችሉትን ብናግዝ እንጦራለን፤ የሚችሉትንም ከነጠቅናቸው ግን፣ በፍቅር ቢሆንም፣ ነጥቀናቸዋል።

መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳዳት፣ መብላት፣ ከአልጋ መነሳት። ሰው ራሱን ችሏል ወይም አልቻለም የሚባለው በእነዚህ ነው። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የተሠራ መሣሪያ አለ። አብዛኛው ቀላል ነው፤ ብዙው ርካሽ ነው። ታዲያ ቤታችን ውስጥ የማይገኘው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት አለማወቅ ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ኀፍረት ይመስለኛል። «ሰው ምን ይለኛል? አሮጊት ሆነች ይሉኛል፣ አካል ጉዳተኛ ሆነ ይሉኛል።»

ስለ ኀፍረት ካነሳን ከዚህ ከአትላንታ በደቡብ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዛችሁ ዋርም ስፕሪንግስ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እዩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፈረንጆቹ 1921 በ39 ዓመታቸው እግራቸው ሽባ ሆነ። በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ፍል ውሃ መጡ፤ ከዚያም ቦታውን ገዝተው በ1927 ለፖሊዮ ሕሙማን የሕክምና ማዕከል አቋቋሙበት። ተራ የቤት ወንበር ላይ ትንንሽ ጎማ አስገጥመው በእሱ ይንቀሳቀሱ ነበር። መኪናቸውን ደግሞ በእጅ ብቻ እንዲነዳ አድርገው አሠርተው በጆርጂያ ገጠር ይነዱ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሩዝቬልትም ዊልቼራቸው በፎቶግራፍ እንዲታይ አይወዱም ነበር። ኀፍረቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ወንበሩን አልተዉትም፤ በዚያ ወንበር ላይ ሆነው አገራቸውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሩ። ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1937 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የካቲት 13 ቀን 1945፣ ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ያገኟቸው መሪ ያለ ድጋፍ መቆም የማይችሉ ሰው ነበሩ። ሩዝቬልት ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እዚያው ዋርም ስፕሪንግስ አረፉ።

የሌላ አገር ሰው ካልጠቀማችሁ ደግሞ የራሳችንን ልጥራ። አበበ ቢቂላ። በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ጀግናችን በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። የታከመው እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። የዓለምን እጅግ ፈጣን እግር የያዘ ሰው ዊልቼር ላይ መቀመጡን እስቲ አስቡት። አበበ ግን ቤቱ ተዘግቶበት አልቀረም። ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1970 በዚያው በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ፤ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሻ በሚሳብ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1973 በ41 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አበበ አበበ ነበር። ዊልቼሩ አላሳነሰውም፤ ከቤት አወጣው እንጂ።

ከዚያ ሆስፒታል የተጀመረው ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ ሆነ፤ በነሐሴ 1996 ደግሞ እዚሁ አትላንታ መጣ። ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካመጡልን ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ውድድሩን ወደ ከተማዋ ለማምጣት ከደከሙት አንዱ በአከርካሪ ጉዳት ሕክምና የታወቀው የአትላንታው ሼፐርድ ሴንተር ነው። እሱም ራሱ የተቋቋመው በ1975 ሲሆን፣ መነሻው ልጃቸው በ1973 የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት አንድ የአትላንታ ቤተሰብ በከተማው የሚፈልገውን ሕክምና ማጣቱ ነው። የምንኖርባት ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ አላት። እኛ ግን በመካከሏ እየኖርን እናታችን ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ ዝም ብለን እናያለን።

ኀፍረቱ የባህል ነው የምትሉም አላችሁ። እኔ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ደብተራው ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ሲቆም በምን ተደግፎ ነው? በመቋሚያው ነው። መቋሚያ በመያዙ «ደከመ፣ አረጀ» ያለው ሰው አለ? የለም፤ ያማረበት መሣሪያው ነው። የአገር ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ሲመጣ ከዘራው ግርማ ይጨምርለታል። ምርኩዝ፣ በርጩማ፣ መደገፊያ፣ ሁሉም በቋንቋችን ስም ያላቸው የኖሩ ነገሮች ናቸው። አባቶቻችን የሚደገፉበትን ነገር ሲሠሩ አላፈሩም። እኛ ነን ከፕላስቲክና ከአሉሚኒየም ሲሠራ ያፈርንበት።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። የአሜሪካ መታጠቢያ ቤት ለአዛውንት አደገኛ ቦታ ነው። ገንዳው ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ እግርን አንስቶ መሻገር ይጠይቃል፤ ወለሉ እርጥብ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ፎጣ መስቀያውን ይይዛል፤ ፎጣ መስቀያ ደግሞ የሰው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል። እዚሁ አትላንታ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች ከአንዱ በላይ በየዓመቱ ይወድቃል። የዳሌ አጥንት መሰበር ደግሞ ለአዛውንት ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ይኸውላችሁ። አንደኛ፣ የመሻገሪያ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለት እግሩ ገንዳው ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ውጭ ይቆማል። ሰውየው ውጭ በኩል ይቀመጥና እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የገንዳውን ጠርዝ ቆሞ መሻገር ቀረለት። ሁለተኛ፣ በእጅ የሚያዝ የሻወር ቧንቧ፤ ቁጭ ብሎ ራሱን ይታጠባል። ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር የብረት መያዣ። ይህ ከግድግዳው ውስጥ ካለው እንጨት ጋር በብሎን መታሰር አለበት። አየር እየሳበ የሚጣበቀውን ዓይነት አትመኑ፤ ሰው ሲደገፍበት ሊለቅ ይችላል። አራተኛ፣ እጀታው የረዘመ ስፖንጅ፤ ጀርባንና እግርን ሳያጎነብሱ ለማጠብ። በውሃ መጸዳዳት ለለመደ፣ እጁ ግን ወደ ኋላ ለማይደርስለት ሰው ደግሞ መጸዳጃው ላይ የሚገጠም የውሃ መርጫ አለ። ይህንን መናገር ነውር የሚመስለው ይኖራል። ነውሩ ግን ሰውየው በማይችለው ነገር ብቻውን መተዉ ነው።

አለባበስን እንይ። ስትሮክ አንድ ወገኑን ያደከመው ሰው ሲለብስ የደከመውን እጅ አስቀድሞ ያስገባል፤ ሲያወልቅ ደግሞ ያንን እጅ መጨረሻ ላይ ያወጣል። ይህን ዘዴ ብቻ በማወቁ ሸሚዙን ራሱ የሚለብስ ሰው አለ። ረጅም የጫማ ማንኪያ፣ የካልሲ ማጥለቂያ፣ በቁልፍ ፋንታ ተጣብቆ የሚዘጋ ልብስ፣ ወለል ላይ የወደቀ ነገር የሚያነሳ ረጅም መቆንጠጫ አለ። ከዘራ ስትገዙ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። ሰውየው እጁን ወደ ታች ለቅቆ ሲቆም የከዘራው እጀታ ከእጁ አንጓ እኩል ይሁን። የሚያዘውም ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙዎቻችን በታመመው በኩል እናስይዛቸዋለን፤ ስሕተት ነው።

ምግብን በተመለከተ የእኛን ገበታ የሚያውቅ ነጭ ሐኪም የለም፤ ራሳችን ማሰብ አለብን። ቀኝ እጁ በስትሮክ የደከመ አባት በግራ እጁ እንጀራ መቁረስ ያሳፍረዋል፤ እንግዳ ሲመጣ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይነሳል። እንጀራው አስቀድሞ ተቆራርጦ፣ ወጡ ተጠቅልሎበት፣ ጠርዙ ከፍ ባለ ሳህን ቢቀርብለትስ? ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ወይም የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ። ለፍርፍር የሚሆን ማንኪያ እጀታው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ተጠቅልሎ ይወፍር፤ የተጨመደደ ጣት ወፍራሙን ይይዘዋል። ቡና የምታፈላ እናት ዝቅተኛው በርጩማ ካስቸገራት ከፍ ያለ ወንበርና ከፍ ያለ ጠረጴዛ ይቅረብላት እንጂ ጀበናውን አትቀሟት። ያ ጀበና የቤቱ እመቤት መሆኗ ነው።

«ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ?» ትሉኝ ይሆናል። ሜዲኬር ያላቸው ወላጆች በሐኪም ትእዛዝ ከዘራ፣ ዎከር፣ ዊልቼር፣ አንዳንዴም አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የመጸዳጃ ወንበር ያገኛሉ፤ በአብዛኛው ከዋጋው 20 በመቶውን ይከፍላሉ። የሻወር ወንበር፣ የግድግዳ መያዣና ከፍ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ ግን መደበኛው ሜዲኬር አይሸፍናቸውም። ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ወላጆቻችን ደግሞ ሜዲኬሩም የላቸውም።

ሆኖም በር አለ። ብዙዎቻችን ከምንኖርባቸው ከክላርክስተንና ከስቶን ማውንቴን ብዙም ሳይርቅ፣ ተከር ውስጥ፣ ፎዳክ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ በ1986 የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ያገለገሉ ዊልቼሮችን፣ የሆስፒታል አልጋዎችንና የመታጠቢያ ወንበሮችን ተቀብሎ፣ አጽድቶና ጠግኖ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይሰጣል። ወላጅ ያረፈባችሁ ቤተሰቦችም ጋራዥ ውስጥ የቆመውን ዎከር ወስዳችሁ ብትሰጡ ለነፍስ ነው። በጆርጂያ ቴክ ደግሞ ቱልስ ፎር ላይፍ የተባለው የክፍለ ግዛቱ ፕሮግራም መሣሪያዎችን ለሙከራ ያውሳል፤ ሳትገዙ በፊት ተዉሳችሁ ትሞክራላችሁ። ከጆርጂያ ውጭ ያላችሁም አትዘኑ፤ በእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። በየአካባቢው ያለውን የአዛውንቶች አገልግሎት ቢሮም ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ሐኪሙን «ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይላክልን» በሉት። ሥራው ይኸው ነው፤ ቤት መጥቶ ሰውየው እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚታጠብ አይቶ የሚስማማውን ይነግራችኋል።

ተከራዮች ደግሞ «አከራዩ ግድግዳ እንዳትበሱ ይለናል» ትላላችሁ። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕግ አካል ጉዳት ያለበት ተከራይ በራሱ ወጪ ተገቢ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። በዚህ በጆርጂያ ጉዳይ የተነሳ ሌላም ትልቅ ፍርድ አለ። ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች በማኅበረሰቡ መካከል መኖር እየቻሉ አትላንታ በሚገኝ የክፍለ ግዛቱ ሆስፒታል በመቆየታቸው ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1999 ያለ ምክንያት ከማኅበረሰብ መነጠል አድልዎ ነው ሲል ፈረደ። እዚህ አገር በገዛ ቤት መኖር መብት እንጂ ልመና አይደለም።

አገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ በአንዳንድ ድሃ አገሮች ግን ከሚያስፈልጋቸው መካከል የሚያገኙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ የደረሳት እናት ግን ከደረጃው በታች ያለውን ዓለም የምታየው በመስኮት ነው። ይህንን መጠየቅ የዜግነት ጉዳይ ነው።

ሕጉ እስኪሠራ ግን የሰፈር አናጺ አለ። መሐሉ የተከፈተ ጠንካራ የእንጨት ወንበር በጉድጓድ መጸዳጃ ላይ ቢቀመጥ ቁጢጥ ማለት ያቃተው አዛውንት ይገላገላል። በሩ አጠገብ አንድ ጠንካራ እንጨት ግድግዳ ላይ ይመታ፤ መያዣ ይሆናል። የአልጋው እግር ከሥሩ እንጨት ይግባበትና ከፍ ይበል። ከዚህ ዕቃ የምትልኩ ወገኖችም ዊልቼር ስትልኩ ልኩን ጠይቁ፤ መለዋወጫውና ጠጋኙ አገር ውስጥ መኖሩንም አጣሩ። በሰውየው ልክ ያልሆነ ዊልቼር ቁስል ያመጣል፤ ጎማው የተበላሸ ዊልቼርም ጥግ የሚይዝ ብረት ነው።

ውድ ተመልካቾች፣ አንድ ነገር ግን አደራ። መሣሪያ የልጅን ቦታ አይተካም። ወንበር ገዝቶ «እንግዲህ ራስሽን ቻይ» ብሎ መሄድ ጡር አለው። መሣሪያው የሚያስፈልገው ከወላጆቻችን ጋር የምናሳልፈው ጊዜ በማንሳትና በመጣል ብቻ እንዳያልቅ፣ ለጨዋታም እንዲተርፍ ነው። ስትገዙም ሳትነግሯቸው ገዝታችሁ አትግጠሙ። «የቱ ያስቸግርዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ውሃ ስቀዳ ነበር የከረምኩት።

እናቴ ዛሬ ውሃዋን ትጠጣለች። ቡናም ሦስቱንም ትጠጣለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስትፈልግ ተነስታ ትሄዳለች፤ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች። ያንን በር ራሷ መዝጋቷ ምን ያህል ክብር እንደሆነ የገባኝ ሲዘጋ ስሰማው ነው። የአበባው ነገር እንኳ አልቀረም፤ አሁን ውሃ የምታጠጣው ስለሚያስፈልገው ነው።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ መታጠቢያ ቤታችሁን በእናታችሁ ጉልበት እዩት። ቸር ይግጠመን፤ በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ።